አብሽ አብሽ ያለው ወተት

በእኛ ጊዜ ላም ምን በልታ እንደዋለች ለማወቅ ማንም በረት አይሄድም፣ ወተቱን ቀመስ ያደርግና ይነግርሻል። ስልክሽን ወደዚህ አስጠጊው ቤቲ፣ እዚያ ካስቀመጥሽው የሚቀዳልሽ የጽጌ ሳል ብቻ ነው። አዎ፣ ጽጌም አለች፣ ነገሩ የሷም ስለሆነ ቁጭ ብላ ትስማ ብዬ ነው የጠራኋት፤ ስሳሳት ታርመኛለች፣ ልክ ስናገር ደግሞ ዝም ትላለች፣ ጎረቤቴ ስለሆነች አውቃታለሁ።

«ገና ሳትጀምሪ እኔ ላይ መጣሽ አስኩ?»

ቆይ፣ ወዳንቺ እመጣለሁ። ታዲያ ምን እያልኩሽ ነበር ቤቲ፣ በእኛ ጊዜ። እኔ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ነው፣ አሁን ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ጋ። ያኔ ኮብልስቶን የለም፣ የብሎኬት አጥር የለም፣ ላም ጠዋት ከበረት ከወጣች እስከ እንጦጦ አፋፍ ድረስ የፈለገችውን ስትግጥ ትውላለች። ባሕር ዛፉ ያኔም ነበረ፣ ግን በመሀል በመሀሉ መስክ አለ፣ እና ክረምቱ ሲወጣ መስኩ ማጊጥ ይሞላል። ማጊጥ ታውቂያለሽ? አታውቂም። መሬት ለመሬት የሚሄድ ሣር ነው፣ ላም አንገቷን ደፍታ ቀኑን ሙሉ ብትውልበት አትጠግበውም። ያንን የበላች ላም ቅቤዋ ብጫ ይሆናል፣ ቀለም የገባበት ነው የሚመስልሽ። በበጋ ደግሞ ጭድ ስትበላ ያው ቅቤ ነጭ ይሆናል፣ ላሟም ያቺው፣ የምትንጠውም እናቴ ያቺው።

እና እናቴ ወተት ስትቀምስ ጉድ ነበረች። አንድ ቀን ቀመስ አደረገችና «ዛሬ ይቺ ላም የሰው ጎመን ገብታለች» አለች። እኛ ሳቅንባት። ብዙም ሳይቆይ ከአጥር ማዶ አያ ደምሴ የሚባሉ ጎረቤታችን «የማን ላም ናት ጎመኔን ያወደመችው?» እያሉ መጡ። እናቴ ብትፈልግ መካድ ትችል ነበር፣ ያየ የለማ። እሷ ግን «የኛ ናት አያ ደምሴ፣ ወተቷ ነግሮኛል» ብላ አስገብታ በዚያው ወተት ካሰቻቸው። ሰውዬው እየጠጡ ምን ይላሉ መሰለሽ፣ «እንግዲህ የገዛ ጎመኔን ልጠጣው» ይላሉ። ይኼንን ያነሳሁት በኋላ ስለምፈልገው ነው፣ ያዢልኝ።

አሁን ያ መስክ የለም። ቤት ሆነ፣ መንገድ ሆነ፣ ላዩ ፓርክ ሆነ። ይሁን፣ ልጆች ይዝናኑበታል፣ ላም ግን አታስገቢበትም። የኔ ላም፣ ሻሼ፣ ያቺ ግንባሯ ነጩ፣ ከተወለደች ጀምሮ ከዚህ ግቢ ወጥታ አታውቅም። የምትበላው እኔ ያቀረብኩላትን ነው፣ ጭድ፣ ፉርሽካ፣ ሲገኝ ደግሞ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን ኑግ ማለቴ ነው፣ ጠላ የጠመቀ ጎረቤት ካለም አተላ። ወተቷን ለጎረቤት እሸጣለሁ፣ በሱም ነው የምኖረው። ጽጌ ከኔ ቁልቁል ሦስተኛው በር ነች፣ ከድሮ ጀምሮ ወተት የምትወስደው ከኔ ነው። በዚያ ላይ አንድ የማርያም ማኅበር ነው የምንጠጣው።

ታዲያ ያን ዓመት መኖ ተወደደ። ሁሌም ይወደዳል፣ ያን ዓመት ግን ጭራሽ ጠፋ። እኔ ደግሞ ሾላ ገበያ ከድር የሚባል ደንበኛ አለኝ፣ ቅመም ነው የሚሸጠው፣ አብሽ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ። አባቱ ከደቡብ መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ነው የያዘው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ «እናቴ» ነው የሚለኝ። ስለ መኖው ሳጫውተው ወደ ጓዳ ገባና አንድ ጆንያ እየጎተተ መጣ።

«እናቴ፣ ይኼን ይውሰዱላት» አለኝ።

«ምንድን ነው?»

«የአብሽ ግርድ ነው። አብሽ ስንነፋ ስባሪውና ገለባው ይወጣል፣ ለሰው አይሆንም። እኛ አገር ግን ለወለደች ላም እንሰጣለን፣ ወተት ያመጣል።»

«አይጎዳትም?»

«ኧረ ሲያምርባት ያያሉ።»

እውነትም፣ ከፉርሽካ ጋር እየደባለቅኩ ስሰጣት ሻሼ ገንዳውን ላሰችው። ወተቷም ጨመረ። ላሜ ወለደች አልኩ፣ ደስ አለኝ፣ ከድርንም መረቅኩት።

አሁን እዚህ ጋ በደንብ ስሚኝ ቤቲ፣ ጊዜው ሁዳዴ ነበረ። ሁዳዴ ስለሆነ እኔ ያለብኩትን አልቀምስም። አልባለሁ፣ አጠልላለሁ፣ እሸጣለሁ፣ ጣቴ ላይ ጠብ ያለውን እንኳ በቀሚሴ ነው የምጠርገው። የሚገዛኝም ጥቂት ሰው ነው፣ ልጅ ያለው፣ አራስ ያለው፣ እታች ያሉት እስላም ጎረቤቶቻችን። ማሰሮዬን ደግሞ ሁሌም በወይራ አጥነዋለሁ፣ ስለዚህ ክዳኑን ስከፍት የሚሸተኝ ወይራ ነው። በረቱ ራሱ አብሽ አብሽ ስለሚል ደግሞ አፍንጫዬ ለምዶታል። እናም ወተቱ ምን እንደሆነ ባለቤቷ እኔ አላወቅኩም።

ያን ሰሞን ነው የጽጌ ልጅ ማርታ የተገላገለችው። ወንድ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ ነው፣ ጽጌ የሆነችውን ሆነች፣ በሰፈሩ ሌላ ሴት ወልዳ የማታውቅ ነው የሚመስለው። ማርታ አራስ ስለሆነች ጾሙ የለባትም፣ እና ጠዋት ጠዋት ወተት ከኔ ይሄዳል። አንድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጽጌ ድስት ይዛ ቆማለች፣ ድስቱ ገና ይተናል፣ እግዜር ይስጥልኝ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ።

«አስካለ፣ አሽቺው እስቲ።»

አሸተትኩት። አብሽ ነው። ሲፈላ ጊዜ ወይራው ጠፍቶ አብሹ ወጥቷል፣ እንደ አብሽ ውሃ ነው የሚለው።

«ድስቱ ነዋ» አልኳት፣ «አብሽ የሠራሽበት ይሆናላ።»

«ድስቱ አዲስ ነው።»

«እንግዲያው እጅሽ ነው፣ ለማርታ አብሽ ስትመቺ ነው የምትውይው።»

«እጄን አትንኪ» አለችኝ፣ «እኔ አብሽ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ዘፍዝፈሽ ስትመቺው ይነጣል፣ ያረፋል፣ ወተት ይመስላል። ከውሃ ጋር ወተት ላይ ብታፈሺበት ማንም አያውቅም ብለሽ ነው? ምን በደልኩሽ አስኩ? አራስ እኮ ናት።»

ልክ እንደዚህ ነው ያለችው፣ አልጨመርኩም።

«"አራስ እኮ ናት" አላልኩም፣ "አንድ ልጄ እኮ ናት" ነው ያልኩት።»

ይኸው አረመችኝ፣ ሌላው ሁሉ ልክ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ቁጣዬን ታውቂዋለሽ፣ «ከኔ ቤት ውሃ ተቀላቅሎ የሚወጣው ጠላ ብቻ ነው፣ ሂጂልኝ» ብዬ በሩን ዘጋሁት። ሌላ ሰው ሌባ ሲልሽና ጽጌ ሌባ ስትልሽ አንድ አይደለም።

ከሰዓት ሳልብ ማሰሮውን ሳላጥን፣ እጄን በሳሙና አሽቼ፣ በብርጭቆ አለብኩ። ግቢው ሸቶኝ እንዳይሆን ብርጭቆውን ይዤ መንገድ ድረስ ወጣሁ። አሸተትኩት፣ አብሽ ነው። ከጡቷ በቀጥታ አብሽ። ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝና ተመልሼ ገብቼ ጆንያውን አየሁት፣ ከዚያ በኋላ ገባኝ። የበላችውን ነው የሰጠችኝ። እፎይ አልኩ፣ ለጽጌ እነግራታለሁ፣ እንሳሳቃለን፣ ያልቃል አልኩ። የዋህ ነኝ።

ያን ቀን ለማርያም ጥቂት ነው የቀረው፣ ማኅበሩ ላይ እነግራታለሁ ብዬ ተውኩት። ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው፣ እኔ ዝም ስል እሷ ዝም አላለችም። ማርያም እስክትደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

አንቺ ማኅበር ስለማትጠጪ ልንገርሽ። ጽዋው በየወሩ ከቤት ቤት የሚዞር ማሰሮ ነው። ባለተራው ይደግሳል፣ ማኅበርተኛው ይበላል ይጠጣል፣ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ይሰጣል፣ እሱም በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ይኼ ማኅበር ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ እናቴ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነው የምቀመጠው። የሚቀጥለው ወር ተራ የኔ ነበር፣ ፋሲካ ያለፈበት ወር፣ ከሁሉ የሚያምረው። ላሜ ስላለች እርጎም አስቤያለሁ። ያን ወር ድግሱ ሙሴያችን፣ የማኅበሩ ሹም ማለት ነው፣ አቶ ታደሰ ቤት ነበረ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ንፍሮው ተበላ፣ አቶ ታደሰ ጽዋውን በነጠላ እንደተሸፈነ አንስተው «ባለተራ አስካለ» አሉ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ብድግ ስል ጽጌም ብድግ አለች።

«ይቅርታ ሙሴ» አለች፣ «ከዚህ በፊት የሚጣራ ነገር አለ። አራስ ቤት ላለች ልጄ ወተት ብላ የአብሽ ውሃ ሸጣልኛለች። እሱ ሳይጣራ ጽዋው እሷ ቤት ከገባ እኔ ከሷ ቤት አልቀምስም።»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፣ ወንዶቹ ጠላቸውን ያያሉ፣ ማንም ዓይኔን አያይም። እኔም አስረዳሁ። የከድርን ግርድ ነገርኳቸው፣ በብርጭቆ አልቤ ማሽተቴን ነገርኳቸው፣ ላሟ የበላችው ነው አልኩ።

ጽጌ ሳቀች። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» አለች፣ «አሁን ደግሞ ጥፋተኛዋ ላሟ ሆነች? የበላችው ሁሉ ወደ ወተቷ የሚገባ ከሆነ ጭድ ስትበላ ለምን ጭድ ጭድ አይልም?»

ሰው ሳቀ። እኔም የእናቴን አነሳሁ፣ የአያ ደምሴን ጎመን ነገርኳቸው።

አቶ ታደሰ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ «እሱ የድሮ ሰው ጨዋታ ነው አስካለ፣ ማስረጃ አይሆንም» አሉኝ።

«እንግዲያው ይቀመስ» አለ አንዱ ከጥግ።

አባ ወልዴ፣ የንስሐ አባታችን፣ ቀና አሉ። «በሁዳዴ ወተት ቅመሱ ብዬ እኔ አልፈርድም» አሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሉት ተረት ደረሰብኝ፣ የኔዋ በደጄ ቆማ ማለቴ ነው።

አቶ ታደሰ አሰቡና «ግርዱን ተዪው፣ ሽታው ከጠፋ ንጹሕ ነሽ» አሉ። ደህና ዳኝነት ነበር። ጽጌ ግን ምን ትል መሰለሽ፣ «ግርዱን ስትተው መቀላቀሉንም አብራ ብትተወውስ በምን ይለያል?» አለች። እንደተናደድኩም ቢሆን እውነቷን ነው አልኩ በሆዴ፣ እኔ ብሆንም እንደዚያ ነው የምለው። «እንግዲያው መጥተሽ ስታለብ እዪ» አልኳት። «እጅሽን በአብሽ አሽተሽ ብትጠብቂኝስ?» አለችኝ። በቃ፣ የሚታመን ሰው ሲናገር ብቻ ነው እውነት እውነት የሚሆነው፣ ካላመኑሽ ብትምዪም ዋጋ የለውም።

«ጽዋው እስኪጣራ እኔ ቤት ይቆይ» አሉ አቶ ታደሰ፣ መልሰውም አስቀመጡት። ከነሱ ቤት እስከ ቤቴ ዳገት ነው፣ ያን ዳገት ባዶ እጄን ወጣሁት። አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፣ የእናቴ ስም ነው ያሳሰበኝ፣ እሷ ጎመን በላች ብላ ላሟን ያጋለጠች ሴትዮ፣ ልጇ በአብሽ ውሃ ሌባ ተባለች።

ከዚያ ወዲያ ማንም ከኔ ወተት አልወሰደም። ልጄ ከመገናኛ መጥቶ «እማዬ፣ ግርዱን ጣይውና ይለፍ» አለኝ። እኔ ግን ግትር ነኝ፣ አልጣልኩትም። ከጣልኩት ያመንኩ ይመስላል። ሻሼን እንደ ወትሮዋ አብሿን አበላኋት፣ ወተቱን እያረጋሁ እየናጥኩ አስቀመጥኩ፣ የሚመጣው ይምጣ አልኩ።

አሁን ወደ ጽጌ ቤት ልሂድ፣ ይኼንን እኔ አላየሁም፣ የሆነውን ራሷ ነች የነገረችኝ። ትናገረዋለች? አትናገረውም፣ እኔው ልናገር። ጽጌ የኔን ወተት ስታቋርጥ የማርታ ጡት እንዳይደርቅ ብላ አብሹን አበዛችው። ቀድሞ ጠዋት አንዴ ነበር፣ አሁን ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ወደ ማታም። እያለቀሰች ትጠጣለች ማርታ፣ እናት አይደለች፣ እምቢ አይባልም። ታዲያ አንድ ጠዋት ጽጌ ሕፃኑን ልታጥበው ፈታ ስታደርገው፣ አንገቱን፣ ጨርቁን፣ ሽንቱን፣ ሁሉንም አብሽ አብሽ አለባት።

በማርታ ላይ ጮኸች፣ «ልጁን አብሽ አጠጣሽው እንዴ?»

«ኧረ እማዬ።»

«አትዋሺኝ፣ ይሸታል እኮ። በማንኪያ አቅምሰሽዋል።»

«እማዬ፣ ይኼ ልጅ ከጡቴ ሌላ ምን ቀምሶ ያውቃል?» አለች ማርታ። «የጠጣሁት እኔ ነኝ። የምታጠጪኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

በይ እንግዲህ። ጽጌ ልጁን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ማርታ እናቷ ምን እንደሆነች አልገባትም፣ «እማዬ አመመሽ?» ትላታለች። ጽጌ የልጁን አንገት ታሸታለች፣ ትተወዋለች፣ ደግማ ታሸታለች። እኔ ማኅበሩ ላይ የነገርኳትን ስትስቅበት ነበር፣ የገዛ ልጇ ያለቻትን ግን እንዴት ትሳቅበት?

«አልሳቅኩም ያኔ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።»

ይኸው ተናገረች፣ ደግ ነው። ታዲያ ልጁን ይዛልኝ ልትመጣ አስባ ነበር፣ ልጁ ግን ክርስትና አልተነሳም፣ ደጅ አይወጣም። እና ምን ታደርጋለች፣ ጨርቁን ይዛ መጣች። እኔ በረት ነበርኩ፣ ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች፣ የልጅ ጨርቅ በደረቷ ይዛ። እንዳየኋት ክፉ የሰማሁ መሰለኝና ደነገጥኩ፣ «ልጁ ምን ሆነ?» አልኳት።

«ምንም አልሆነም። አሽቺው።»

አሸተትኩት። የሕፃን ጨርቅ እንዴት እንደሚሸት ታውቂያለሽ፣ እሱ አለ፣ ከሱ ጋር ግን አብሽ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ አታየኝም፣ ሻሼን ነው የምታየው፣ ሻሼም አብሿን እያላመጠች ታያታለች።

«ማርታ ነች የምትጠጣው» አለችኝ።

«ገባኝ» አልኳት።

እግሬ ላይ ትውደቅ አላልኩም፣ እሷም አልወደቀችም፣ ጽጌ እግር ላይ የምትወድቅ ሴት አይደለችም። ከዚያ ዞራ ወጣች፣ እኔም ቤቷ የሄደች መሰለኝ። ለካ አቶ ታደሰ ቤት ነው የሄደችው። እዚያ ምን እንዳለች እሳቸው ናቸው የነገሩኝ፣ «ሙሴ፣ አስካለን በአፍንጫዬ ከሰስኩ፣ አፍንጫዬ ደግሞ ተሳስቷል፣ ጽዋውን ስጡኝ» ብላለች። እሳቸውም፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ነገር ማጣራት ስለሚወዱ፣ ይምጣና ይጠየቅ፣ ምስክር ይቅረብ ሊሉ ሲጀምሩ ጨርቁን አፍንጫቸው ሥር አድርጋላቸዋለች። ጽዋውን ሰጧት። እና ከሰዓት ሻሼን ሳልብ ከታች እልልታ ሰማሁ። አንዲት ሴት ብቻዋን እልል ስትል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ጽጌ ናት፣ ጽዋውን በነጠላ ሸፍና ዳገቱን ትወጣለች፣ ሰው ሁሉ ከየበሩ ብቅ እያለ ያያታል። እንዲያዩዋት ብላ ነው እልል የምትለው፣ አውቃለሁ። ባዶ እጄን የወጣሁትን ዳገት እሷ ተሸክማልኝ ወጣች።

«እማማ አስካለ፣ ይኼ እኮ በእርግጥም የሚሆን ነገር ነው። አሁን ስልኬ ላይ ሳየው፣ አንዳንድ ተክል ውስጥ ያለው ሽታና ቀለም ከሆድ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ወተት ያልፋል ይላል። ጭድ ውስጥ ግን ያን ያህል የሚያልፍ ነገር የለም። የቅቤውም ብጫ ከሣሩ ነው ይላል።»

ይበል እንግዲህ፣ ማርታ ቀደም ብላ ብላዋለች። ቆይ፣ አላለቀም፣ ስልኩን አታጥፊው።

ፋሲካ ዋለ፣ ጾሙ ተፈታ፣ የማርያም ዕለት ማኅበሩ እዚህ ቤት ተሰበሰበ፣ አሁን የተቀመጥንበት። ጽዋው እዚያ መደርደሪያው ላይ። ሁሉም መጡ፣ አባ ወልዴም መጡ። ማዕዱ ሲያበቃ እርጎውን አወጣሁ። ግርዱን አለማቋረጤን ነግሬሻለሁ፣ ስለዚህ እርጎው ምን እንደሚሸት አውቃለሁ፣ ሌላ ወተት ገዝቼ ማቅረብም እችል ነበር። አላደረግኩትም፣ የላሜን አቀረብኩ። የመጀመሪያውን ኩባያ ለአቶ ታደሰ ሰጠሁ። እሳቸው ቀመሱ፣ አቆሙ፣ ኩባያውን አዩና «አብሽ አለው» አሉ።

እንደዚያ ቀን ሰው ሁሉ ጠላውን ማየት ጀመረ። ታርቀናል፣ ጽዋው ቤቴ ገብቷል፣ ግን አፍ የቀመሰውና ጆሮ የሰማው አንድ አይደለም፣ አንዳንዱ ሰው አሁንም ልቡ ሙሉ አልነበረም፣ ከፊቱ ይታወቃል። እኔ ማሰሮውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ያኔ ጽጌ እጇን ዘረጋች። ቀዳሁላት። ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳታርፍ፣ እስከ ታቹ ጨለጠችውና አፏን ጠረገች።

«አለው» አለች። ከዚያ ኩባያውን መልሳ ዘረጋችልኝ፣ «ጨምሪልኝ።»

በቃ። ከዚያ በኋላ ማሰሮው አልበቃኝም፣ አባ ወልዴም ሁለት ጊዜ አስቀዱ። እስከ ዛሬ ሰው ስለዚያ ወተት አንስቶብኝ አያውቅም፣ ዛሬ አንቺ ነሽ ያስነሳሽኝ። እና ቤቲ፣ ሰው ስሙን የሚመልስለት ሰው ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል? ይኸው አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ቀና ብላ ግን አታየኝም። ጽጌ፣ ያን ዕለት ምን አስበሽ ነው እንደዚያ የጨለጥሽው? ንገሪያት እስቲ፣ እየቀዳች ነው።

«ምን አስባለሁ፣ ጠምቶኝ ነዋ።»